የሊሊ ‹ሊትራሊ›

እንግሊዝኛ ስንማር ተውሳከ ግስ ቀላል ነገር ነበር፤ ቅጽሉ ጭራ ላይ ‹ሊ› ቀጥል፣ አለቀ። ‹ስሎው› ‹ስሎውሊ› ይሆናል። ጣጣው የሚመጣው ‹ሃርድ› ላይ ሲደርሱ ነው፤ እህቱ ጠንክራ እንደምትሠራ ሊናገር ‹ሃርድሊ› ያለ ልጅ፣ ሥራ የሚባል አትነካም ብሎ አማት ማለት ነው። ትንሽ ሲቆዩ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ይመጡና ሽሹት ይላሉ። ስቲቨን ኪንግ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ድርሰት ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ ተውሳከ ግስን እንደ አረም ነው የቆጠረው።

ምክሩ አይከፋም፤ የበረታ ግስ ምርኩዝ አያሻውም። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር የጄምስ ጆይስን «ዘ ዴድ» እከፍታለሁ። ጆይስ ታሪኩን የጨረሰው በ1907 ከአገሩ ርቆ ትሪየስት ሆኖ ነው፤ በ1914 በወጣው «ደብሊነርስ» ውስጥ ከ15ቱ ታሪኮች የመጨረሻው ነው። መግቢያው በር ላይ አንድ ተውሳከ ግስ ቆሟል፣ መውጫው ላይ ሌላ።

መግቢያው ላይ ያለው ‹ሊትራሊ› ነው፤ ቃል በቃል እንደማለት። የሁለት አሮጊት እመቤቶች ዓመታዊ ግብዣ ነው፣ ሠራተኛቸው ሊሊ እንግዳ ስትቀበል ፋታ አጥታለች። እንግሊዝኛው ይህን የሚገልጸው ሩጫው እግሯን እንዳሳጣት አድርጎ ነው፤ እኛ እግሯ እስኪቀጥን እንደምንለው። ጆይስ በዚያ ላይ ‹ሊትራሊ›ን ደረበበት። እንግዲህ ሰዋስው አዋቂ ይፍረድ፦ የሊሊ እግር ቃል በቃል የትም አልሄደም! ቃሉ ስህተት ነው። ነገር ግን የማን ስህተት? ሂዩ ኬነር የተባለው ሐያሲ በ1978 እንዳሳየው ቃሉ የተራኪው ሳይሆን የሊሊ ነው፤ ማንም ሳይጠቅሳት፣ አንድም የትእምርተ ጥቅስ ምልክት ሳይኖር፣ ዓረፍተ ነገሩ በእሷ አፍ ተናገረ። ቃሉ ባይኖር ሊሊ ከርቀት የምትታይ ገረድ ሆና ትቀር ነበር።

የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጥቂት ገጾች እንኳ ሳንሄድ የተማረው ገብርኤል ኮንሮይ ይገባና ሊሊ የአባቱን ስም በሦስት ቀለም ከፍላ ስትጠራው ፈገግ ይላል። ‹ሊትራሊ›ን አርሞ የገባ አንባቢ ከገብርኤል ጎን ቆሞ ራሱን ያገኘዋል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰውም እዚችው ወጥመድ ላይ ነው፤ ‹ቃል በቃል› ካለ ትርጉሙን አገኘ፣ ልጅቷን ግን አጣት። ‹የምር እግሯ ቀጠነ› ቢል ይሻላል። የሊሊ ዓይነት ልጅ ‹የምር› ትላለች።

መውጫው ላይ ያለው ‹ፌይንትሊ› ነው። ሌሊት ነው፤ ሚስቱ ግሬታ በ17 ዓመቱ ስለሞተ ወጣት ነግራው እንቅልፍ ወስዷታል፣ ገብርኤል የበረዶውን መውረድ ያዳምጣል። ‹ፌይንትሊ› የደከመ ብርሃን፣ የራቀ ድምፅ የሚገለጽበት ቃል ነው፤ ከራስ መሳትም ጋር ዝምድና አለው። ድምፅ የሌለውን በረዶ እንዲሰማ ያደረገው ይኸው ቃል ነው። ጆይስ አንድ ጊዜ ከግሱ በኋላ አስቀመጠው፣ ወዲያው ደግሞ ከግሱ በፊት። ጥቂት መስመር ቀደም ብሎ ‹ሶፍትሊ›ንም እንዲሁ አገላብጦታል፤ ጆሮ ሳያውቀው ተለማምዷል። አዲስ ቃል አልተጨመረም፣ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ፤ ግን መውረዱ ማለቂያ ያጣ ይመስላል።

እዚህ ላይ አማርኛ እጁን ይሰጣል። ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሶቻችን ጥቂት ቢሆኑም ቃል አናጣም፤ ‹በስሱ› አለ፣ ‹ለስለስ ብሎ› አለ። የሚያግደን ግሱ ነው፤ የአማርኛ ግስ ዓረፍተ ነገሩን ዘግቶ ስለሚቀመጥ ከኋላው የሚቆም ነገር አይወድም። ‹በስሱ ይወርዳል› እንላለን። ‹ይወርዳል በስሱ› ካልን ግን ግጥም ጀመርን፤ ጆይስ ደግሞ ከዝርው ሳይወጣ ነው ያደረገው።