በአንድ መስፍን ሕይወት የተነገረ ዘመን

ባርባራ ታክማን በ1978 ያሳተሙት «ሩቅ መስታወት» የ14ኛውን ምእት ዓመት የአውሮጳ ታሪክ ለጠቅላላ አንባቢ የሚተርክ ሰፊ መጽሐፍ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዋ ወረርሽኙን፣ ጦርነቱንና የጳጳሳቱን ክፍፍል የሚያስተሳስሩት በአንድ ፈረንሳዊ መስፍን፣ በአንጌራን ደ ኩሲ ሕይወት ነው። ምርጫው ብልህነት የተመላበት ነው። ኩሲ በ1365 የእንግሊዙን ንጉሥ የኤድዋርድ 3ኛን ልጅ በማግባቱ በሁለት ተዋጊ መንግሥታት መካከል ቆሟል፤ በ1396 በኒኮፖሊስ በኦቶማኖች ተማርኮ በ1397 በቡርሳ በእስር ሳለ ሞተ። በዓመታት ዝርዝር የሚሰለች ተማሪ የመቶ ዓመቱን ጦርነት ይህን ሰው ተከትሎ ይዘልቀዋል።

ችግሩ የሚታየው ትረካው ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ነው። በ1358 ስለተነሣው የዣክሪ አመፅ ዋነኞቹ ተራኪዎች ዣን ለ ቤልና ፍሯሳር ናቸው፤ ሁለቱም የጻፉት ለመኳንንት ነው። የአመፀኞቹን ጭካኔ አብዝተው ይዘረዝራሉ፤ ከበቀሉ በፊት የነበረውን ግፍ ግን እምብዛም አይመዝኑም። ታክማን በመቅድማቸው ክፉ ነገር በመዘገቡ ብቻ ከልኩ ከአምስት እስከ አሥር እጅ ገዝፎ እንደሚታይ ማስጠንቀቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ትረካው ሲሞቅ ማስጠንቀቂያው ይዘነጋል፤ «መስታወት» የሚለውም ርእስ አንባቢው በዚያ ዘመን የራሱን መልክ ብቻ እንዲፈልግ ይገፋፋል።

መጽሐፉ ለመምህራን ማሠልጠኛ ቢመረጥ ተገቢ ነው፤ ስለ ዣክሪ የሚተርከው ክፍል ግን ብቻውን ባይነበብ እንመርጣለን። የገበሬውን መከራ በርኅራኄ የዘገበው የቀርሜሎሱ መነኩሴ ዣን ደ ቨኔትና ከአመፁ በኋላ ንጉሣዊው መንግሥት የሰጣቸው የምሕረት ደብዳቤዎች ከጎኑ ይቅረቡ፤ በደብዳቤዎቹ የተራ ሰዎች ስምና መንደር ተመዝግቦ ይገኛልና።