ድልድዩ ያምራል፤ አቧራውስ?

ጆርጅታውን ለአንድ ቀን ጉዞ ትመቻለች። ከዴንቨር በስተምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ብትሆን ነው። ከፍታዋ 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ትንሽ ትበልጣለች። የድሮ የብር ማዕድን ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው የሚሄደው ግን ለባቡሩ ነው። ጉዞውን እንደ አንድ ታሪክ ብናነበው፣ የቱን ይተርክልናል? የቱንስ ይዘላል?

የሚተርከው ግሩም ነው። ከጆርጅታውን እስከ ላይኛዋ ከተማ እስከ ሲልቨር ፕሉም በቀጥታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታ ልዩነቱ ግን 195 ሜትር ይጠጋል። ባቡር እንዲህ ያለ ዳገት ፊት ለፊት አይወጣም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መንገዱን ሆን ብለው አስረዘሙት፤ ሐዲዱ ተጠማዞ በድልድይ የራሱን መስመር ይሻገራል፣ ርዝመቱም 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው ይሄ በጣም ደስ ይላል፤ ችግሩን በጉልበት ሳይሆን በቅርጽ ነው የፈቱት።

መስመሩ በ1884 እ.ኤ.አ. አለቀ። ሌድቪል ድረስ ይሄዳል ተብሎ ነበር፤ አልደረሰም። በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ብር እንዲገዛ የሚያስገድደው ሕግ ሲሻር የማዕድኑ ገበያ ወደቀ። ድልድዩም በ1939 ፈረሰ፤ ዛሬ የምንሻገረው በ1984 እንደገና የተሠራውን ነው። «ታዲያ ፎርጅድ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ያኔም ቢሆን ሰው ተራራውንና ድልድዩን ለማየት ብሎ በዚህ ባቡር ይሳፈር ነበር። ቱሪስቱ የከተማዋ መጤ አይደለም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ባቡሩ ዓይናችንን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ሥራው ግን የነበረው ከመሬት በታች ነው። በዚያ ዘመን በታመቀ አየር የሚሠራ የድንጋይ መሰርሰሪያ መጣና ቁፋሮውን አፈጠነው። ድንጋዩን በደረቁ ስለሚበሳው ግን የሚያስነሳው ደቃቅ አቧራ የሠራተኛውን ሳንባ ይበላ ነበር። ማዕድን ቆፋሪዎቹ «መበለት አድራጊ» አሉት። በመሰርሰሪያው ውስጥ ውኃ አሳልፎ አቧራውን ማርጠብ የተለመደው ቆይቶ ነው። ይሄም ምህንድስና ነው፤ መጀመሪያ የተለካው ግን ፍጥነት እንጂ ሳንባ አልነበረም። እኛ ዛሬ ሶፍትዌር ስንሠራስ መጀመሪያ የምንለካው ምንድነው?

ሂዱ፣ ድልድዩን እዩት፤ ያምራል። ግን ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። የማዕድን ዋሻ ጉብኝትም አለ፤ ግቡና አስጎብኚውን ጠይቁት፦ እዚህ የቆፈሩት በደረቁ ነው ወይስ በውኃ?