የቤት ስም ያላቸው ኮራሎች

ኮራል ስል ጆንያ ተሸክሞ በየሰፈሩ የሚጮኸው ቆራሌው እንዳይመስላችሁ። የማወራው ባሕር ውስጥ፣ ራሱ በሠራው የድንጋይ አጽም ላይ ስለሚኖረው እንስሳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን እንስሳ ሳሎናቸው ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳና በጨው ውኃ የሚያሳድጉ ሰዎች ሞልተዋል። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ጠባብ አፓርታማዬ 20 ጋሎን የምትይዝ ገንዳ አለችኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ገንዳው ሳይሆን ስለ ስሞቹ ነው። የኮራል ሻጭን የዋጋ ዝርዝር ማንም እንደ ጽሑፍ አያነበውም እንጂ ጽሑፍ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭን በሁለት ቃል በመቶዎች ዶላር የሚያሸጥ ጽሑፍ ደግሞ ሂስ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ታዋቂ ኮራል ሁለት ስም አለው። አንዱ እንደ ክርስትና ስም ነው፤ ካህኑ ያውቀዋል፣ ሰፈሩ ግን አይጠራበትም። ሌላው የቤት ስሙ ነው። "ዋልት ዲዝኒ" እና "ሆምሬከር" የሚባሉት ኮራሎች የክርስትና ስማቸው አንድ ነው፦ አክሮፖራ ቴኑይስ። ሰፈሩ ግን አያምታታቸውም፤ የቤት ስም የሚጠራው ዝርያውን ሳይሆን አንድን ግለሰብ ነውና። ከኮራል ላይ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ድንጋይ ላይ ብትለጥፉት ያድጋል፤ ቁራጩና እናቱ በዘረመል አንድ ናቸው። ስለዚህ እውነተኛ ዋልት ዲዝኒ የሆነ ሁሉ፣ ስንት ቤት ቢበተንም፣ አንድ እንስሳ ነው። ለኛ ለኮድ ጸሐፊዎች ይሄ ቀላል ነው፤ ስሙ የክላሱ አይደለም፣ የኦብጀክቱ ነው።

የክርስትናው ስም ቢያንስ የጸና ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እሱም አልጸናም። ቴኑይስ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1846 ከፊጂ በመጣ ናሙና ላይ የተሰጠ ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ግን በዚህ ስም ሲጠሩ የኖሩት ኮራሎች ብዙ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳየ፤ የአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ "ቴኑይስ" አሁን አክሮፖራ ኬንቲ ተብሏል።

እሺ፣ ታዲያ አንድ ቁራጭ ሆምሬከር መሆኑ በምን ይታወቃል? በዓይን? አይታወቅም። ነገሩ የሚጥመኝም የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። የኮራል ቀለም አንዱ ምንጭ ሰማያዊ ብርሃን ውጠው አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ የሚተፉ ፕሮቲኖች ናቸው። ሻጩ ገንዳውን በሰማያዊ መብራት ያጥለቀልቀዋል፣ የስልኩ ካሜራ ላይ ብርቱካናማ ማጣሪያ ይገጥማል፣ ፎቶው እንደ ሠርግ ቤት ያበራል። ያው ቁራጭ ነጭ መብራት ያለበት ቤት ሲገባ ይደበዝዛል። ውኃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ከበዛ ደግሞ በሥጋው ውስጥ አብረውት የሚኖሩት ደቃቅ አልጌዎች ይራቡና ቡናማ ያደርጉታል። አንዱ እንስሳ በሁለት ቤት ሁለት መልክ፤ ሁለት የማይዛመዱ እንስሳት ደግሞ በአንድ መብራት ሥር አንድ መልክ። ዘረመሉን አስመርምሮ የሚገዛ የለም። የቀረው የሰው ቃል ነው፦ ከማን ገዛኸው፣ እሱስ ከማን ቆረጠው? ብዙው ዋጋ የሚከፈለው ለዚህ የቃል ሰንሰለት ነው። በዚህ አላፌዝም። የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሕዝብ ልጅ እንዴት ያፌዛል?

የማፌዘው በስሞቹ ጥራት ነው። ከሁሉም የምወደው "ግሪን ስላይመር" ነው። አረንጓዴ ነው፤ ከውኃ ስታወጡት ልሃጩን ይደፋባችኋል፤ በ1984ቱ ጎስትባስተርስ ፊልም ላይ ያለው አረንጓዴ ልሃጫም መንፈስም ስላይመር ነው የሚባለው። ሁለት ቃል፣ ቀለም፣ ጠባይና ቀልድ። "ሆምሬከር"ም አይከፋም፤ ትዳር አፍራሽ ማለት ነው፣ እኔ የማነበው ዋጋውን ከሚስቱ የሚደብቅ ገዢን እያሰብኩ ነው። "ስትሮውቤሪ ሾርትኬክ"፣ "ፒንክ ሌመኔድ" ስንል ግን ኬክ ቤት ገባን። እነዚህ ስሞች ለማንኛውም ሮዝ ነገር ይሆናሉ፤ የጥፍር ቀለም ላይ ብትለጥፏቸው ማን ይጠይቃችኋል?

ከሁሉ የሚከነክነኝ "ኦሪገን ቶርት" ነው። ውብ ሰማያዊ አክሮፖራ ነው። "ቶርት" ቶርቱዎሳ ከሚለው የዝርያ ስም የተቆረጠ ነው፣ ይሁን። ኦሪገን ግን? እዚያ ያለው ባሕር ብርድ ነው፤ አክሮፖራ አይበቅልበትም። ስሙ የሚነግረን እንስሳው በማን አገር ገንዳ ዝነኛ እንደሆነ እንጂ ከየት ባሕር እንደተቀዳ አይደለም። ጊት ለምታውቁ፦ ታሪኩ ተጠብቋል፣ የመጀመሪያው ኮሚት ግን ጠፍቷል።

መረጃው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች በሙሉ በሳይቲስ ስምምነት ጥበቃ ሥር ስለሆኑ ድንበር የሚሻገሩት በፈቃድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የመነሻ አገሩ አለ፤ ከተፈጥሮ የተወሰደ ይሁን የለማ የሚለይ ፊደልም አለ። ኢንዶኔዢያ በ2018 የኮራል ኤክስፖርት ስታቆም፣ በ2020 መጀመሪያ መልሳ ስትከፍት፣ ነጋዴው ሁሉ አገሩን በስም ያውቀው ነበር። ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሲደርስ ግን ኬክና ፊልም ብቻ ይቀራል።

በዚህ ነገር እኛ ባዳ አይደለንም። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ገባ። በ2004 የፓናማ ጨረታ ላይ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ያኔ ጉድ ያሰኘ ዋጋ ነበር። ስሙን "ጌይሻ" ብለው የጃፓን ሴት አስመሰሉት፤ ያም ሆኖ ጌሻ ከስሙ ውስጥ አልወጣችም። ከፋ ያለ ሰው ሲሰማው "የኛ ነው" ሊል ይችላል። ኮራሉን ጠልቆ የቆረጠው ልጅ "ዋልት ዲዝኒ" ሲባል ሰምቶ ምን ይላል?

ባለፈው ወር አንዱን ሻጭ ስለ አንዲት ቁራጭ "ከየት ባሕር ናት?" ብዬ ጠየቅሁት። "ከኢንዶ" አለኝ። ኢንዶኔዢያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች አሏት። በየትኛው በኩል ብለው ትከሻውን ሰበቀ፣ ግን ሄዶ የላኪውን ወረቀት አመጣልኝ፤ የለማ መሆኑን የሚያሳየውን ፊደል አየሁ። 40 ዶላር ከፍዬ ወሰድኳት። ስም አልነበራትም፣ እስካሁንም አላወጣሁላትም።