ስለ አሮጌ ቴፕ ማጽዳትና ስለ ጋምቤላ ቶም

በ1955 ዓ.ም. ተመርቆ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት በተወረሰው በብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ዘመን የራዲዮ ሰዎች ዜማን የሚያኖሩት በሪል ቴፕ ነበረ። ያ ቴፕ ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር ካልተገለበጠ ሊጠፋ ነው። ዩኔስኮም በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ በቴፕ የቀረ ድምፅ ከ2017 ዓ.ም. ወዲያ ላይደመጥ እንደሚችል ተናግሯል፤ ማጫወቻው መኪናና መለዋወጫው እያለቀ ነውና። ይልቁንም እንደ ጋምቤላ ባለ ወበቅ በጸናበት ቆላ ክሩ ፈጥኖ ይጐዳል። የማግኔቱን ዱቄት የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየጠጣ ይላላል፤ ክሩም በመኪናው ራስ ላይ ይለጠፋል።

ስለ መገልበጡ ክርክር የለም። ነቀፌታ የሚገባው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው «ማጽዳት» ነው። ኮምፒዩተር የተሠራበት ሚዛን የፒያኖና የቫዮሊን ጥራት ስለ ሆነ፣ የሚነዝረውን ሁሉ ከጕድለት ይቈጥረዋል። በገናን ይመለከቷል፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራ፣ ድምፁን ሆን ብላ ታነዝረዋለች። እርሷ ከተጠረገች የቀረው በገና አይደለም። የዚምባብዌ ሰዎችም በምቢራቸው ላይ ቆርኪ የሚያስሩት ስለዚሁ ነዝር ነው። የምቢራ ዘመድ በአገራችን በአኙዋክ ዘንድ ይገኛል፤ ልሳኖቹ በአውራ ጣት የሚመቱት ቶም ነው። እንግዲህ የቶምን ቴፕ የሚያጸዳ ሰው የትኛው ድምፅ የመሣሪያው፣ የትኛው የክሩ እንደ ሆነ በምን ያውቃል? ከተጫዋቹ በቀር የሚነግረው የለም፤ ተጫዋቹም ያለው ባሮ ዳር ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። ዜማው ብቻ ይቅር ሲሉ የአስተዋዋቂውን ቃል ይቈርጣሉ። ነገር ግን በኑዌር ዘንድ ቶም የሚባለው ክራር መሰል ባለ አውታር ነው። በመዝገብ ላይ «ቶም፣ ጋምቤላ» ብቻ የተጻፈለት ቴፕ የማን እንደ ሆነ የሚያስረዳው ያ የተቈረጠው ቃል ነበረ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በአዲስ አበባ በቤታቸው ራሳቸው በቴፕ የቀዱት መዝሙር በ2016 ዓ.ም. «ሱቬኒርስ» ተብሎ ሲወጣ፣ በመስኮት ውጭ ያሉት ወፎች ከነጩኸታቸው ቀርተዋል። አታሚዎቹ ወፎቹን አላባረሩም። ለቶም ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ባለሙያው ከማጽዳቱ በፊት ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው ቢያኖር እንኳ፣ ኋላ የሚመጣ የአኙዋክ አድማጭ ፍርዱን ራሱ ሊሰጥ ይችል ነበር።