አጥንቱ ሲመለስ

አንጎል በአደጋ ወይም በስትሮክ ክፉኛ ሲያብጥ ሐኪሞች ከራስ ቅል ላይ ሰፊ ቁራጭ አጥንት ያነሱለታል። አጥንቱ ፍሪዘር ውስጥ ወይም በታካሚው በራሱ የሆድ ቆዳ ሥር ተቀምጦ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ነፍስ ያተረፈው ያ ቀዶ ሕክምና ብዙ ይወራለታል። የእኔ አድናቆት ግን አጥንቱን ለሚመልሰው እጅ ነው።

አጥንት በሌለበት ቦታ ቆዳው ከልብ ምት ጋር ትር ትር ሲል በዓይን ይታያል። የኤድንብራው ሐኪም አሌክሳንደር ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1783 እንዳስረዳው ቅል አይለጠጥም። ስለዚህ ልብ በመታ ቁጥር ደም ሲገባ የአንጎል ፈሳሽ ወደ አከርካሪው ቦይ ወረድ ብሎ ቦታ ይለቃል፤ ወዲያው ይመለሳል። ፈሳሹ በጠቅላላ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመነጫል። ቅሉ ከተከፈተ ግን ግፊቱ ወደ ለስላሳው ቆዳ ስለሚያፈተልክ ምልልሱ ይዳከማል። ታካሚው ቀና ሲል ደግሞ የውጭው አየር ተጭኖት ቆዳው ይሰረጉዳል።

ጥበቡ የሚጀምረው ቆዳውን ከአንጎል ሽፋን በመለየት ነው። ሁለቱ በጠባሳ ተጣብቀዋል፤ ሽፋኑ ጥቂት ከተቀደደ ፈሳሹ ኩልል ይላል፣ መሰፋትም አለበት። ጎበዝ እጅ አይቸኩልም፤ ጠባሳውን በስስ በስሱ እየገፈፈ ነጩ የአጥንት ጠርዝ ዙሪያውን እስኪጠራ ድረስ ይሄዳል። ያ ጠርዝ መጀመሪያ ሲቆረጥ ወደ ውስጥ ገደድ ተደርጎ ከነበረ፣ ቁራጩ እንደ ድስት ክዳን አርፎ ይቀመጣል፤ አይሰምጥም። ከዚያ በቲታኒየም ሳህንና በጥቃቅን ብሎን ይታሰራል።

ከሁሉ የምወደው ግን ከላይ የማይታየውን ሥራ ነው። አጥንቱ መሃል ላይ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ የአንጎል ሽፋኑን የያዘ ክር በእነሱ ወጥቶ ሽፋኑን ወደ አጥንቱ ስቦ ይቋጠራል። ክፍተት ከቀረ ደም ይቋጠርበታላ!

ከዚህ በኋላ ፍሰቱ በኤምአርአይ ሲለካ ምልልሱ የበረታባቸው ታካሚዎች አሉ፤ ንግግራቸው ወይም የእጅ እግራቸው ጉልበት የተሻሻለላቸውም እንዲሁ። ሁሉም ግን አይቀናቸውም፤ ፈሳሹ እየተጠራቀመ ማፍሰሻ ቱቦ የሚያስፈልጋቸው አሉ። አጥንቱ ሳይመለስ ቱቦ የገባለት ሰው ቆዳው ይብሱን ሊሰረጉድ ስለሚችል፣ ሐኪሞች አንዳንዴ የቱቦውን ፍሰት ቀነስ አድርገው ቆዳው ሞላ እስኪል ይጠብቃሉ።