ባሕሩስ በረዶውን ምን ያደርገዋል?

ስለ ዋልታ በረዶ በክፍል የምናስተምረው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ይኸውም «በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ ይላል» የሚለው ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ናታልያ ጎሜዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት የቀረውን ግማሽ የያዘ ስለሆነ መምህራን ሊመረምሩት ይገባል።

ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰሜን አሜሪካንና ሰሜን አውሮፓን የሸፈነው የበረዶ ግግር ብዙ ውሃ ይዞ ስለ ነበር ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ባብ ኤል መንደብ እጅግ ጠቦ፣ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ያለው ጥልቀት የሌለው ባሕርም ደረቅ ምድር ነበር። በኋላ የሰሜኑ በረዶ ቀለጠ፤ ውሃው ጅቡቲ ደጃፍ ሳይቆም እስከ አንታርክቲካ ጠርዝ ደረሰ። በዚያም፣ በተለይ በምዕራቡ ክፍል፣ በረዶው የተቀመጠበት መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው። ውሃው ከፍ ሲል ጠርዙን ከታች ያነሣዋል፤ ከመሬት የለቀቀ በረዶም የሚይዘው ሰበቃ ስለሚያጣ ከኋላው ያለው ፈጥኖ ወደ ባሕር ይወርዳል። የጅቡቲ ተማሪ አሸዋ ላይ ያረፈች ጀልባ ባሕሩ ሲሞላ እንዴት እንደምትነሣ ያውቃል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የጥናቱ ብርታት ስሌቱን ብቻ አምኖ አለመቀመጡ ነው። ተንሳፋፊ የበረዶ ቋጥኞች ተሸክመው በባሕር ወለል ካራገፉት ድንጋይና አፈር ጋር አስተያይቶታል። ሆኖም ውጤቱን እንዳለ ወደ ዛሬ ማሸጋገር አይቻልም። የዚያን ዘመን የሰሜን በረዶ አብዛኛው ጠፍቷል፤ የቀረው የግሪንላንድ ግግር ሁሉ ቢቀልጥ ባሕሩን 7 ሜትር ያህል ነው የሚጨምረው። ይህ ግን በኮራል አምባዎችና በተደለደለ ዝቅተኛ መሬት ላይ ለተሠራችው ጅቡቲ መጽናኛ አይሆንም።

በብርጭቆ ውሃ ላይ በረዶ አንሳፍፎ ማቅለጡንም ብንተወው ይሻላል፤ የተንሳፈፈ በረዶ ሲቀልጥ የብርጭቆው ውሃ ከፍታ አይለወጥምና ተማሪው ግራ ይጋባል። ይልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሳህን አስቀምጡ፤ በላዩ በረዶ አኑሩ፤ ከዳር ውሃ ጨምሩ። ውሃው ከድንጋዩ በላይ የበረዶውን ቁመት ዘጠኝ ዐሥረኛ ያህል ሲደርስ በረዶው ይነሣል።