«ቁልፍ መሠረተ ልማት» የሚለው ቃል ከመተማ ቆላ ሲመረመር

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 «ቁልፍ መሠረተ ልማት» ለሚለው ቃል ትርጉም ሰጥቶታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው ይህንኑ ትርጉም ነው። አዋጁን ከቅጣቱ ክብደትና ከንግግር ነፃነት አንፃር የተቹት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ወደዚያ ክርክር አልገባም። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሕጉ «ቁልፍ ነው፤ ይጠበቅ» ያለው ነገር በአገሩ ዳር የሚኖረው ሰው «ቁልፍ ነው» ከሚለው ነገር ጋር ይገናኛልን? የሚል ነው። ለዚህም ምሳሌዬን ከመተማና ከምዕራብ ጐንደር ቆላ አወጣለሁ።

አዋጁ እንደሚለው ቁልፍ መሠረተ ልማት ማለት ከአንቀጽ 3 እስከ 6 ከተዘረዘሩት ወንጀሎች አንዱ ቢፈጸምበት በሕዝብ ደህንነትና በብሔራዊ ጥቅም ላይ ከፍ ያለ ጉዳት የሚያስከትል የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ኔትወርክ ወይም ዳታ ነው። የተዘረዘሩትም ወንጀሎች ያለ ፈቃድ መግባት፣ መጥለፍ፣ የኮምፒዩተሩን ሥራ ማወክና ዳታውን ማበላሸት ናቸው። ድርጊቱ በተራ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲፈጸም ካለው ቅጣት ይልቅ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ሲፈጸም ያለው ቅጣት ይከብዳል።

አስቀድሞ የአዋጁን በጎ ጐን መናገር ይገባል። አደጋው በእውነት ያለ ነው። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ መቀመጫቸውን በግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (የዛሬው አስተዳደር) አስታውቆ ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የ5,150 ሜጋ ዋት ግድብ ያለ ጠባቂ መተው እንደማይገባ የሚክድ የለም። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉትም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ አጥር የሚመለከተው ወደ ውጭ ብቻ ነው። የመተማን ስም ስንሰማ ቶሎ የሚታሰበን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ጦርነት ነው። ስለዚህ ድንበር መጠበቅ ሲባል ከማዶ የሚመጣውን ጠላት እናስባለን። የአዋጁም ትርጉም የተጻፈው በዚሁ ልማድ ይመስለኛል። እስቲ አሁን ወደ ቆላው ወርደን ቁልፍ የሆነው ነገር ምን እንደ ሆነ እንቁጠር።

1ኛ፤ በዓለም ባንክ ብድር የተሠራው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ከጐንደር ወገን መጥቶ በሸህዲና በመተማ አልፎ የሱዳኗን ገዳሪፍ ይደርሳል። 2ኛ፤ የቆላው ሰው ኑሮ የተመሠረተው በሰሊጥና በጥጥ ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማ መጋዘን ከከፈተ ወዲህ፣ ሰሊጡ በመጋዘኑ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ባለቤቱ የሚይዘው ደረሰኝ ነው፤ የደረሰኙም ኃይል በኮምፒዩተር ካለው መዝገብ የሚመጣ ነው። ሽያጩ የሚፈጸመው በሩቅ፣ ገንዘቡ የሚመጣው በባንክ ነው። 3ኛ፤ ለጉምሩኩ፣ ለነጋዴውና ለሾፌሩ ሁሉ የስልኩ መስመር አለ። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ መዝገቡ፣ ስልክ ሲቋረጥ ገንዘቡ ይቆማል።

አሁን አዋጁን በዚህ ላይ እናስቀምጠው። በትርጉሙ ውስጥ የተጠቀሱት ወንጀሎች በሁለት ቃሎች የታጠሩ ናቸው። አንደኛው «ሆን ብሎ» ሁለተኛው «ያለ ፈቃድ» ነው። ሥራውን ያቋረጠው ሰው ሆን ብሎ ካላደረገው፣ ወይም ፈቃድ ኖሮት ካደረገው፣ ነገሩ ከአዋጁ ውጭ ይሆናል። በቅርብ ዓመታት የደረሱት ትልልቅ መቋረጦች ግን በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ በሮች የወጡ ናቸው።

የመጀመሪያው በር ስሕተት ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ወጣበት ገለጸ። አገልግሎቱ በአገሪቱ ሁሉ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር። ባንኩ እንዳስረዳው ምክንያቱ የራሱ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ እንጂ ከውጭ የመጣ ጥቃት አልነበረም። በውጭው ዓለምም የባሰ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቀን አቆመ፤ አየር ማረፊያዎች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራ ፈቱ። ጉዳቱን ያደረሰው ሌባው ሳይሆን ዘበኛው ነበር።

ሁለተኛው በር ፈቃድ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ ቦታም አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተዘግቶ ቆየ። በዚሁ ዓመት ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተው ነበር። ዘመዱን በስልክ የሚፈልገው ስደተኛና የሰሊጥ ዋጋ የሚጠይቀው ገበሬ በአንድ መዝጊያ ተዘጋባቸው። መዝጋቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ነጥብ ይህ ነው፦ አንድ ባዕድ ይህንኑ መስመር ለአንድ ሰዓት ቢያውከው «በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ የተፈጸመ ወንጀል» ሊባል ይችላል፤ በፈቃድ ለወራት ሲዘጋ ግን ትርጉሙ ስለ ቁልፍነቱ አንድም ነገር አይናገርም። በገበሬው ዘንድ ግን የሰዓቱ ጉዳት ከወራቱ አይበልጥም።

አንዳንድ ሰው «ይህ የወንጀል ሕግ ነው፤ ስሕተትንና የመንግሥትን ውሳኔ እንዲዳኝ እንዴት ትጠይቀዋለህ? የሽቦውም ጥበቃ በሌላ ሕግ ነው» ሊለኝ ይችላል። መልሱ አይከብድም። ሰውን ባላሰበው ነገር ወንጀለኛ ይሁን አላልሁም። የምነቅፈው የትርጉሙን አሠራር ነው። አንድ ነገር ቁልፍ የሚሆነው ወንጀል ስለሚፈጸምበት ሳይሆን ሰው ስለሚኖርበት ነው። አዋጁ ግን ቁልፍነትን ከወንጀሉ ተነሥቶ ስለ ተረጐመ፣ የሚጠበቀው ማሽኑ እንጂ አገልግሎቱ አልሆነም። ብሔራዊ ጥቅም የሚለውም ቃል ከማዕከል ሲታይ ግልጽ ነው፤ ከመተማ ሲታይ ግን የአንድ ወረዳ መጨለም ብሔራዊ ይባል አይባል አይታወቅም።

ከዚህ ትችት ሦስት ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ቁልፍነት የሚለካው አገልግሎቱ ሲቋረጥ ስንት ሰው ለስንት ጊዜ ምን እንደሚያጣ በመቁጠር ይሁን። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማሽኑ ሲቆም በእጅ የሚሠራበትን መንገድ እንዲያዘጋጅ ይገደድ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 በዩክሬን የኮምፒዩተር ጥቃት የ225,000 ያህል ደንበኞችን መብራት ባጠፋ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ የመለሱት ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ሄደው ማብሪያውን በእጃቸው የመለሱ ሠራተኞች ነበሩ። በመተማም መጋዘን የወረቀት መዝገብና እርሱን የሚያምን ሕግ ቢኖር ገበሬው መስመር እስኪመለስ ሰሊጡን ለአራጣ አበዳሪ በርካሽ ለመስጠት አይገደድም። ሦስተኛ፣ አገልግሎቱን በፈቃድ የሚዘጋ ባለ ሥልጣን ምክንያቱን፣ ወሰኑንና የሚከፈትበትን ቀን በጽሑፍ ይግለጽ። ሌባውን «ለምን ዘጋህ?» ብለን በምንጠይቅበት ሕግ ባለቤቱንም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለማጠቃለል፣ አዋጁ ለአንዱ አደጋ ጥሩ አጥር ነው፤ ስለ ሌሎቹ ግን ዝም ብሏል። ይህን ለመሙላት ከሕግ አዋቂዎች ሥራ በፊት የእኛ የተማሪዎች ሥራ ይቀድማል። ከሸህዲ እስከ መተማ ዮሐንስ ባሉት ከተሞች መብራቱ፣ ስልኩና ባንኩ በአንድ የመከር ወራት ስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ፣ በምን ምክንያት እንደሚቋረጥና ሰዉ በዚያ ጊዜ በምን ዘዴ እንደሚኖር በመዝገብ ቢያዝ፣ «ቁልፍ» የሚለው ቃል ትርጉሙን ከዚያ መዝገብ ሊያገኝ ይችላል።